በገዛ ጎተራው ደጃፍ ዘብ የቆመ ገበሬ

አንድ አጥናፉ የሚባል ገበሬ ነበር። መሬቱ ለም፣ በሬዎቹ ጠንካራ፣ ሦስት ልጆቹም በቆሎ ጠግበው የሚያድጉ ነበሩ። አንድ ቀን ከከተማ ነጋዴ መጣና ጉሎ እንዲዘራ መከረው። ከጉሎው ዘይት ተጨምቆ መኪና ይነዳበታል፣ አገርም ነዳጅ ከሰው ከመለመን ትድናለች፣ ምርቱንም ራሴ መኪና ልኬ ከደጅህ አነሳዋለሁ አለው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም።

ጎረቤቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌም ጉሎውን ወደዱት። ግን አጥራቸው ሥርና ድንጋያማው ጥግ ላይ ብቻ ዘሩት፤ አጥናፉንም እንዲሁ አድርግ ብለው ለመኑት። እሱ ሳቀባቸው። ሚስቱ የሻረግ «ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን፣ ለልጆቹ ትንሽ በቆሎ እናስቀር» ብትለውም አልሰማትም። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ጉሎ ዘራበት።

ጉሎው ጉድ እስኪባል አፈራ። አጥናፉ የእህሉን ጎተራ ጠርጎ እስከ አፉ ሞላውና መኪናውን መጠበቅ ጀመረ። አንድ ወር ሄደ፣ ሁለት ወር ሄደ፤ መኪናም የለ፣ ነጋዴም የለ። ገበያ ቢያወጣውም ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በዚያ ላይ የበልጉ ዝናብ ቀረና በአገሩ ሁሉ እህል ጠፋ። በሬዎቹን ሸጦ የገዛው እህልም አለቀ።

ያኔ ፍርሃት ቤቱ ገባ። የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉር ነው፤ ሲያዩት ባቄላ ይመስላል፣ ግን መርዝ ነው። ልጆቹ ደግሞ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ለምን ጦማቸውን እንደሚያድሩ ሊገባቸው አልቻለም። መርዝ ነው ቢላቸውም አባታቸው የሰሰተ ነው የሚመስላቸው። ልጅ አይደሉ! ሰው ጎተራውን ከሌባና ከአይጥ ይጠብቃል፤ አጥናፉ ግን ዱላ ይዞ ከገዛ ልጆቹ ይጠብቅ ጀመር። ምን ዓይነት ኑሮ ነው ይሄ? ትንሽ ሸለብ ሲያደርገው እንኳ የሚያኝክ ሰው የሰማ እየመሰለው በርግጎ ይነሳል።

አንድ ረፋድ ላይ ሚስቱ ከቤት ስላልነበረች እሱ ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ትንሿ ልጁ ጎተራው ሥር ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ አንድ እፍኝ ጉሎ አለ፤ አፏም ይንቀሳቀሳል። ጀሪካኑን ጥሎ ሮጠ። አፏን ፈልቅቆ በጣቱ ዳሰሰ። ምንም የለም፤ ባዶ አፏን ነበር የምታኝከው።

«አልበላሁም አባዬ» አለችው እያለቀሰች። «እማዬ ስትመጣ እንድትቀቅልልን ነው የለቀምኩት።»

አጥናፉ እፍረቱን ሁሉ ረስቶ ልጁን እንደታቀፈ ሽማግሌው ቤት ሄደ። እሳቸውም ከበቆሏቸው ሰፍረው ሰጡት። ቁጣ የለ፣ ወቀሳ የለ፤ ሊወጣ ሲል ግን አንድ ነገር ተናገሩት።

«ልጄ፣ መኪና ቢርበው እስክትሞላው ድረስ ቆሞ ይጠብቅሃል። ልጅ ግን አይጠብቅም።»

ወገኖቼ፣ ጉሎው አላጠፋም። አገርም መብራትና ነዳጅ ያስፈልጋታል፤ ማን ይጠላል? ጥፋቱ ጉሮሮን የሚያረጥበውን መሬት ሳያስተርፉ ለሞተር መስጠቱ ላይ ነው። እናንተስ፣ ማሳችሁን በሙሉ ገና ላልመጣ መኪና ዘርታችሁት ይሆን?