«ይድረቅና» የሚባለው አለት

ጥጉ ከሚባለው መንደር በላይ፣ ድሮ ሸንጎ ይቀመጥበት ከነበረው ሜዳ አጠገብ፣ «ይድረቅና» የሚባል ሰፊ አለት አለ። አለት ይባል እንጂ ድንጋይነቱ አይታይም፤ ዳር እስከ ዳር የሸፈነው መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ በጋ ከክረምት የማይለይ ተክል ነው፤ የአገሩ ሰው «የምድር ልብስ» ይለዋል። ይህ ሁሉ ድንጋይ ላይ እንዴት በቀለ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከመጣ፣ ሽማግሎቹ ከድርቁ ዘመን ይጀምሩለታል።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዓመት ሰማዩ በልግንም ክረምትንም ነስቶ መንደሩ በአንዲት ምንጭ ጠብታ ቀረ። ውኃው በቅል እየተሰፈረ ይታደል ነበርና፣ ከሰውና ከከብት ጉሮሮ ነጥቆ ለመሬት ያፈሰሰ ከአገር እንዲወጣ አገሬው ተማማለ። ዘርትሁን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ጓሮ ግን እንደለመለመ ነበር። ጎርፍ አፈሯን እየጠረገ ቢያስቸግራት፣ ያንን ተክል ከትውልድ አገሯ ከቆላ አምጥታ በእርከኑ ላይ ተክላው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውኃ አጠጥታው አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ መንደሩ «የውኃ ሌባ» ሲላት ከርሞ እሷ የሰማችው ሸንጎ ስትጠራ ነው።

ከሳሿ ጎረቤቷ ጓንጉል ነበር። በሬው በጥም ሞቶበት፣ ማን ላይ እንደሚያራግፈው ያጣው ንዴት ይዞታል። ከጓሮዋ የዘነጠፈውን ቅርንጫፍ በሸንጎው ፊት አንሥቶ አንዱን ቅጠል ቢጨምቀው ውኃ ጠብ አለ።

«እዩልኝ! የበሬዬ ውኃ ይኸውላችሁ!»

ሸንጎው ተንጫጫ። የዘርትሁን ወላጆች አልፈዋል፣ የባሏ መቃብር እዚህ ነው፣ ከዚህ ብትወጣ መግቢያ የላትም። ያም ሆኖ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ጌቶቼ፣ ተክሉ የእኔን ውኃ አይጠብቅም። ካላመናችሁኝ ቅርንጫፉን እዚህ አለት ላይ አኑሩት፤ አያ ጓንጉል ራሱ ይጠብቀው። ከደረቀ ጓዜን ይዤ እወጣለሁ።»

ሥር የሌለው ነገር፣ ያውም አለት ላይ! ሴትየዋ በራሷ ፈረደች ተብሎ ተሳቀ። ጭቃ ሹሙ ቢሻው ግን ነገር የማያጣድፋቸው ሰው ነበሩ ይባላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ይድረቅና እንፈርዳለን» ብለው ለሆሳዕና ቀጠሩ። ዕለቱ ደብረ ዘይት ነበር።

ጓንጉል ቁርበቱን አለቱ ሥር አንጥፎ አልነቃነቅ አለ። ዘርትሁን በየማለዳው ከጓሮዋ ሆና ትመለከታለች። ቅጠሉ መጀመሪያ ተጨማደደ፣ ከዚያ እንደ በርበሬ ቀላ፤ የሚያልፉ ሴቶችም ዓይኗን ማየት ተዉ። እሷም ተስፋ ቆረጠች። በሆሳዕና ዋዜማ ጓዟን ጠቅልላ በጠፍር አሠረች፤ ባሏ መቃብር ሄዳ «እንግዲህ ደህና ሁን» ብላ አለቀሰች።

በማግሥቱ አገሬው በጣቱ የዘንባባ ቀለበት አጥልቆ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ አለቱ ወጣ። ቢሻው ጎንበስ ብለው ቅርንጫፉን ቢያነሡት እምቢ አላቸው። ጠንከር አድርገው ሳቡት፤ ከአለቱ ስንጥቅ ነጫጭ ሥር ይዞ ወጣ።

ሁሉም ወደ ጓንጉል ዞረ። ሰው ሰርቆ አጠጥቶታል ቢል ይታመናል፣ እሷም ታልቃለች። እሱ ግን ቁርበቱን ጠቀለለ።

«ካጠገቡ አልተለየሁም» አለ። «ጠብታ አልነካውም። በሬዬን የገደለው ድርቁ ነው።»

ከዚያም ማንንም ሳያይ ወደ ዘርትሁን ቤት ወረደ። የታሠረውን ጓዝ በገዛ እጁ ፈትቶ ዕቃዋን በየቦታው መለሰላት ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በጥጉ ጎረቤቱን መክሰስ የሚሻ ሰው መጀመሪያ ከምድር ልብስ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ አለቱ ላይ ያኖራል። «ይድረቅና ትከሳለህ» ይሉታል። ደረቀ አልደረቀም እያለ ሲመላለስ ይከርምና፣ አንድ ቀን መመላለሱን ይተዋል። እንግዳው ይህን ሰምቶ ያን ሁሉ አረንጓዴ ሲያይ፣ «ታዲያ ከዚህ ሁሉ ደርቆ ለክስ የበቃ አለ?» ማለቱ አይቀርም። ሽማግሎቹም ተክሉን እየረገጠ ከሆነ እግሩን እንዲያነሣ ብቻ ይነግሩታል።