የአግዳሚው ባለመኪናዎች

በአቶ ተክለወልድ አጥር ሥር ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሥራ መልስ የሚሰበሰቡት ሰዎች ከመኪና ሌላ ወሬ አያውቁም። መኪና ግን አንዳቸውም የላቸውም። ያን ዕለት ከቤት መኪና ከፍ፣ ከጂፕ አነስ ያለች አዲስ መኪና ልትወጣ መሆኗን በስልክ አይተው ክርክሩን አጦፉት። ከሁሉም የባሰው አንዱ ነበር። ከታክሲ የኋላ ወንበር ሌላ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው፣ «ነጭ ካልሆነች አልወስዳትም» ብሎ ከጓደኛው ጋር ተኳርፏል።

ጫጫታው ያስመረራቸው አቶ ተክለወልድ ከግቢያቸው ወጡ። የሰፈሩ ባለመኪና እሳቸው ናቸው፤ አዲሷንም ገና ወሬዋ ሲሰማ ማዘዛቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«መንጃ ፈቃድ ያለው እጁን ያውጣ» አሉ።

የወጣ እጅ አልነበረም።

«ታዲያ በመኪና ጉዳይ ምን አገባችሁ? አንድ ምክንያት ንገሩኝ። ካጣችሁ አግዳሚውን ነገ አስነሣዋለሁ።»

ያ ነጭ መኪና ፈላጊ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ፤ እኛ መኪና የምናውቀው ከኋላዋ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ትልቋን መኪናዎን እዚህ በር ላይ ጭቃ ሲይዛት፣ ገፍተን የምናወጣት እኛ ነን። ያኔ መንጃ ፈቃድ ጠይቀውን አያውቁም። ያዘዟት አዲሷ መኪና ቀለል ያለች መሆኗን ብናይ ጊዜ ለወገባችን ደስ ብሎን ነው የምናወራው። ነጭ ትሁን ያልኩትም፣ ሲመሽ ስንገፋት እንድትታየን ብዬ ነው። አግዳሚውን ማስነሣት መብትዎ ነው፤ ብቻ ክረምቱ ሲገባ ገፊዎችዎ የት ተቀምጠው ይጠብቁዎት?»