የአንበሳው ኮራል ለምን ቡናማ ሆነ

አንድ ጊዜ አንበሳ በዋሻው ውስጥ አንዱ ጫፉ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ሌላው ጥላ ውስጥ የሚገባ ረጅም የመስታወት ገንዳ ነበረው። ገንዳው የባሕር ውሃ ተሞልቶ፣ ግመል ከቀይ ባሕር ዳርቻ ያመጣቸው አምስት ኮራሎች ይኖሩበት ነበር። ኮራል ቅርንጫፍ ያወጣ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። ጠባቂያቸው አህያ ነበር። አንበሳ ከሁሉ አብልጦ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ኮራል ይወድ ነበር፤ ከአምስቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል አህያን ለጅብ እንደሚሰጠው አስጠንቅቆት ነበር።

አህያ ትጉህ ነው። ውሃውን ያጠራል፣ ኮራሎቹን ይመግባል፣ ጠዋት ጠዋት ይቆጥራል። የሚለያቸው ግን በቀለማቸው ብቻ ነበር፤ ስም ያወጣላቸውም በዚያው ነው።

ክረምት ገባ። ሁለት ወር ሙሉ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ዋሻው ጨለመ። አንድ ጠዋት አህያ ሲቆጥር ወይን ጠጁን አጣው። በቦታው የቆመው ቡናማ ነው። ያው ይሁን ሌላ፣ እሱ ራሱ እርግጠኛ አልነበረም።

የአህያን ሥራ ስትመኝ የኖረች ቀበሮ ይህን አየች። አህያ ወይን ጠጁን ሰርቆ በቦታው ተራ ኮራል እንደተከለ ለአንበሳ ነገረችው። ጅብም ወሬውን ሰምቶ መጣና በዋሻው ደጅ ተጋደመ፤ ዓይኑን ከአህያ ታፋ ላይ አላነሳም። አንበሳ ግን ግመል የባሕር ውሃ ይዞ እስኪመጣ ፍርዱን አቆየው።

ግመል በዘጠነኛው ቀን ደረሰ።

«ይህ ያው ይሁን ሌላ አላውቅም» አለው አህያ።

«አፎቹን አይተሃል?»

«አፍ አለው እንዴ?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ በየት ነበር ያበላኸው፣ ወንድሜ?»

ግመል አንበሳን ጠርቶ አሳየው። በቅርንጫፎቹ ላይ ጥቃቅን አፎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ እንደ ኮከብ ነው። ከአምስቱ እንዲህ ያለ አፍ ያለው ይህ ብቻ ነው። በሥሩም ግመል ሲጭነው ገመድ የፋቀው ምልክት አለ። ቡናማ ያደረገው በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተክሎች ብርሃን ሲያንሳቸው መብዛታቸው እንደሆነ አስረዳ። በሦስት በሦስት ቀን አንድ ስንዝር ወደ ብርሃኑ ቢጠጋ ይመለሳል፤ መቸኮል ግን አያስፈልግም አለ።

አንበሳ በግማሽ ልብ አመነው። ቀለሙ ከተመለሰ አህያ ነጻ ነው፤ ካልተመለሰ ጅብ ይወስደዋል።

በሃያ ቀን ውስጥ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ወይን ጠጅ መምሰል ጀመረ። ደመናውም ተገፈፈ። ቀበሮ ውሸቷ እንዳይወጣ ፈራች። አህያ ከግመል ጋር ውሃ ሊያመጣ የሄደበትን ሳምንት ጠብቃ ጅብን አነጋገረችው።

«አያ ጅቦ፣ ቀለሙ ከተመለሰ አህያውን እርሳው። ኮራሉን ወደ ፀሐዩ ጫፍ ግፋው፤ ብርሃን ሲበዛበት ይሞታል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሦስት አራት ቀን።»

«እስከዚያ ምን ልበላ ነው?» አለ ጅብ። ሆኖም ገፋው።

በአራተኛው ቀን ኮራሉ ነጭ ሆነ። ጅብ ኮራሉ ሞቶ እንደሆነ ሊያይ ገባና ቆመ። ነጭ ነው፣ ቅርንጫፍ አለው፣ ጠንካራ ነው። አህያውንም ቀበሮንም ረስቶ ራሱን ገንዳው ውስጥ ነከረና ነከሰው። ጥርሱ ተሰበረ።

አንበሳና ከመንገድ የተመለሰው አህያ የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው።

«አጥንት መስሎኝ ነው፣ ጌታዬ» አለ ጅብ አፉን ይዞ።

«እዚህ ጫፍ ማን አመጣው?» አለ አንበሳ።

«እኔ ነኝ። ያዘዘችኝ ግን ቀበሮ ናት።»

ቀበሮ ግን የአንበሳን ድምፅ እንደሰማች ጠፍታለች። አንበሳ ጅብን ከዋሻው አባረረው፤ አህያም ነጻ ነው አለ። አህያ ግን አልሰማውም። ጎንበስ ብሎ የነጩን ኮራል አፎች አንድ በአንድ ያይ ነበር።

«አልሞተም፤ ይንቀሳቀሳሉ» አለ፤ ወደ ጥላውም መለሰው።

ብዙ ወራት ፈጀ። ጅብ የነከሰው ወገን ሳይድን ቀረ። የቀረው መጀመሪያ ቡናማ፣ በኋላ ወይን ጠጅ ሆነ። አንበሳ ደስ ብሎት ወይን ጠጁ ተመለሰ ሲል፣ አህያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ አሁን ባለ ኮከቡ ነው የምለው፣ ጌታዬ» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ የምናውቀው ነገር መልኩ ተለውጦ ስናገኘው ሌባ ከመፈለጋችን በፊት ምን እንደጎደለውና ምን እንደበዛበት ቀርበን ማየት እንዳለብን ነው።