ጠግቤያለሁ ያሉት እማማ

አንዲት ሴት ነበረች፤ መቀመጥ ያቃታት ሴት። ወንበሩ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ወዲያው ብድግ ትላለች። ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ደግሞ ወደ በሩ ትመለሳለች። ታማ አይደለም። ከሰው ተጣልታም አይደለም። በእሷ ኃላፊነት ስር ያሉ አንዲት ባልቴት ዓይኗ እያየ ይመነምናሉ፤ ምክንያቱን ደግሞ የሚነግራት ሰው አጥታለች።

ይህች ሴት ሲስተር አስካለ ትባላለች። ነርስ ናት። ከአንድ ብርዳም ከተማ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ያለውን የአረጋውያን መጦሪያ ታስተዳድራለች። ጎበዝ ናት፤ ይህን ማንም አይነፍጋትም። መጦሪያውን ስትረከብ ሽታው ገና ከአጥሩ ውጪ ይቀበላችሁ ነበር። ዛሬ ብትሄዱ አንሶላው ነጭ ነው፣ ወለሉ ታጥቧል፣ የአረጋውያኑ ጥፍር ተቆርጧል። የሚጎበኙ ሰዎች «እኛም ስናረጅ እዚሁ አምጡን» እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዳቸውን ነው፣ አይመጡም። ግን ያደንቃሉ።

ከሁሉ በላይ የምትኮራበት አንድ ሕግ ነበራት። ሥራ እንደጀመረች ሰሞን አንዲት ሠራተኛ ቶሎ ጨርሳ ወደ ቤቷ ለመሄድ ስትጣደፍ፣ የአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አፍ ውስጥ ማንኪያ በግድ ስትከት ድዳቸውን አደማችው። አስካለ ያንን ደም አየች። ከዚያ በኋላ በወጥ ቤቱ በር ላይ በትልልቅ ፊደል አጽፋ ሰቀለች፦ «አረጋውያንን በግድ አታጉርሱ። አንድ ጊዜ ጠይቁ፤ ጠግቤያለሁ ካሉ መልሳቸውን አክብሩ።»

መልካም ሕግ ነው ወይስ ክፉ? መልካም ነው እንጂ! እኔም ብሆን እሰቅለው ነበር። ይህን መልካም ሕግ ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

እማማ ትርንጎ ወደ መጦሪያው የመጡት በፋሲካ ሰሞን ነው። ልጆቻቸውን ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ፣ ጎረቤት ደግፎ ያመጣቸው እናት ናቸው። መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ እናቶች ጋር በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው ይበሉ ነበር፤ ሰውነታቸውም ደህና ነበር። ጥቅምት ላይ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጉርሻው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ደረታቸው ላይ ይበተናል። ስለዚህ ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ ሠራተኞች ወደሚያጎርሷቸው ሰዎች ተዛወሩ። እዚያ ከገቡ በኋላ እህል ዘጋቸው።

ውብዓለም የምትባል ሠራተኛ አለች፤ የልጆች እናት፣ ድምፅዋ የለሰለሰ። ሳህኑን ይዛ አልጋቸው አጠገብ ትቆማለች።

«እማማ ትርንጎ፣ ይበላሉ?»

«ጠግቤያለሁ ልጄ። እናንተ ብሉ።»

ውብዓለም ሕጉን ታውቃለች። አንድ ጊዜ ጠየቀች፣ መልሱን አከበረች፣ ሳህኑን አነሳች። ምሳ ላይ እንዲህ ሆነ። ራት ላይም እንዲህ ሆነ። በማግስቱም ያው። ከመድኃኒታቸው ጋር ማንም ሳይጠይቅ የሚሰጣቸው አጥሚት ባይኖር ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር።

ሐኪም መጣ። ሆዳቸውን ዳሰሰ፣ ጉሮሯቸውን አየ፣ ደማቸውን አስመረመረ። ምንም የለም። «እስከ መጪው ሳምንት ካልበሉ ሆስፒታል እናስገባቸውና በአፍንጫቸው በቱቦ እንመግባቸዋለን» ብሎ ሄደ። እማማ ትርንጎ ሰምተዋል። የአስካለን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና «ልጄ፣ በአፍንጫዬ አታድርጉብኝ። ከሞትኩም እንደ ሰው ልሙት» አሏት።

አሁን ገባችሁ ለምን መቀመጥ እንዳቃታት?

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በዚያው ክፍል፣ በመስኮቱ ስር ያለው አልጋ ባዶ ነው። ሐምሌ ላይ እማማ ውድነሽ የሚባሉ እናት እዚያ አልጋ ላይ አርፈዋል። እሳቸውንም መጨረሻ ላይ እህል ዘግቷቸው ነበር። ሲሞቱ ሠራተኛው ሁሉ «እንደሳቸው የማያስቸግር ሰው አላየንም» እያለ አለቀሰ። ዓይናቸውን የከደነችው አስካለ ናት። አሁን በዚያ አልጋ በኩል ባለፈች ቁጥር እግሯ ይፈጥናል።

ያልሞከረችው የለም። ሽሮው ሰልችቷቸው ይሆን? ምስር አሠራች። ጨው በዝቶባቸው ይሆን? ጨው አስቀነሰች። ጥርሳቸው ይሆን? አድቅቃችሁ እንደ ገንፎ አድርጉት አለች። አልጋቸውን ከበሩ አጠገብ አስነስታ ወደ ውስጥ አስገባች። መልሳ ወደ በሩ አመጣችው። ወጥ ሠሪዋ ግራ ቢገባት «ሲስተር፣ እንግዲህ የቀረን ክትፎ ነው» አለች። አስካለ አልሳቀችም። እማማ ትርንጎ ግን የመጣውን ሁሉ በትሕትና አይተው «ጠግቤያለሁ ልጄ፣ እናንተ ብሉ» ይላሉ።

በዚህ መሐል እሑድ መጣ። ጎረቤቷ ወልዳ ስለነበር አስካለ አራስ ልትጠይቅ ሄደች። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም፤ ሐሳብ መች አስበላት! ገባች፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች፣ እንደምንም ተቀመጠች። የአራሷ እናት ገንፎ አቀረቡ። ትኩስ ነው፤ መሐሉ ላይ ቅቤው በበርበሬ ቀልቶ ተኝቷል። የአስካለ ሆድ ጮኸ።

አፏስ ምን አለ?

«በልቼ ነው የመጣሁት። ጠግቤያለሁ።»

ሳቃችሁ አይደል? ራሳችሁን አያችኋ! እስቲ ከእናንተ መሐል ሰው ቤት ገብቶ፣ ማዕድ ሲቀርብለት፣ ገና በመጀመሪያው ጥሪ «እሺ፣ ርቦኛል» ያለ ሰው እጁን ያውጣ። አንድም የለም። እየራበን እንግደረደራለን። እናቶቻችን እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉን። ጋባዡም ያውቃል፣ ተጋባዡም ያውቃል። የመጀመሪያው «ጠግቤያለሁ» መልስ እንዳልሆነ በዚህ አገር የማያውቅ ማን አለ?

የአራሷ እናትስ ሳህኑን አነሱት? «እሺ፣ ፈቃድሽ ነው» ብለው ወደ ጓዳ መለሱት? እንዴት ተደርጎ!

«ምን ማለትሽ ነው? አራስ ቤት ተገብቶ ሳይቀመስ ይወጣል? በይ አትግደርደሪብኝ።»

«እውነቴን ነው እትዬ።»

«በሞቴ! አፈር ስሆን! ይህችን ብቻ።»

አስካለ አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ጠግቤያለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ። ሆዴ ባዶ ነው። ባይለምኑኝ ኖሮ እየራበኝ እወጣ ነበር። እየራበኝ፣ ፈገግ ብዬ፣ አመስግኜ እወጣ ነበር።

ብድግ አለች።

«ምነው ልጄ፣ አቃጠለሽ እንዴ?» አሉ የአራሷ እናት ደንግጠው።

«አይ፣ የረሳሁት ነገር አለ» አለችና ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወጣች። በወፍጮ ቤቱ በኩል እየሮጠች ነው የሄደችው። አንዲት ነርስ፣ የመጦሪያ ኃላፊ፣ በእሑድ ቀን መንገድ ላይ ስትሮጥ አስቡት።

መጦሪያው ስትደርስ ራት እየቀረበ ነበር። ውብዓለም የእማማ ትርንጎን ሳህን ይዛ ከክፍሉ ስትወጣ በሩ ላይ ተገጣጠሙ።

«ጠይቄያቸዋለሁ ሲስተር። ጠግቤያለሁ አሉ።»

«አምጪው።»

«በግድ ልናጎርሳቸው ነው?»

«በግድ አይደለም። አምጪው።»

እጇን ታጠበች። ማንኪያውን ተወችው። እንደ ሌላው ቀን ከአልጋው አጠገብ አልቆመችም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ጉልበቷ ጉልበታቸውን እስኪነካ ድረስ።

«ይብሉ እማማ ትርንጎ።»

«ጠግቤያለሁ ልጄ። እናንተ ብሉ።»

«ትንሽ ይቅመሱ እንጂ።»

«ኧረ በቃኝ፣ ተመስገን።»

አስካለ ከሽሮ ፍትፍቱ አንስታ እጇን ዘረጋች። «በሞቴ» አለች።

ባልቴቲቱ ቀና አሉ። ፊታቸው ተለወጠ። «ተይ፣ እንዲህ አይባልም።»

«በሞቴ አልኩ እኮ! እኔ ልሙት?»

«ክፉሽን ያርቀው! አንቺ ለምን ትሞቻለሽ?» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

በሉ። ደግሞ በሉ። በየመሐሉ «በቃኝ» ይላሉ፣ በየመሐሉ አስካለ «በሞቴ» ትላለች፣ በየመሐሉ ይቆጧታል፤ እየተቆጡ ይበላሉ። ሳህኑ ባዶ ሆነ። ውብዓለም በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

«እማማ፣ ርቦዎት ነበር?» አለች አስካለ።

እማማ ትርንጎ እንደሚያፍር ሰው ወደ ብርድ ልብሳቸው እያዩ ተናገሩ። «የመጀመሪያ ዕለት ልጅቱ ትለምነኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አነሳችው። በማግስቱም አነሳችው። እንግዲያስ ለወጉ ያህል ነው የሚያቀርቡልኝ አልኩ። ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጅቱ እዚያ ቆማ እያየችኝ፣ አዎ ራበኝ አጉርሺኝ ልበል?»

«ትሪው ዙሪያ ሳሉ ግን ይበሉ ነበር።»

«እዚያማ ሴቶቹ መቼ ይለቁኛል! ብዪ እንጂ፣ ምን ትሽኮረመሚያለሽ እያሉ ነፍሴን ያወጧታል።» ይህን ሲሉ ሳቁ። ውብዓለም ግን አለቀሰች።

«ሳህኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ሕጉን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለች አስካለ። ቀጥላም ጠየቀቻት። «ውብዓለም፣ እናትሽ ጠግቤያለሁ ስትልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እናቴን? መች እሰማታለሁ!»

ሰማችሁ ወገኖቼ? እናቷን አትሰማም። ወጉን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ከጡት ጋር ጠብታዋለች። ግን ሥራ ስትገባ ሽርጡን ትለብሳለች፣ ወጉን ከነጠላዋ ጋር ትሰቅለዋለች። አስካለም እንደዚያው። በጎረቤት ቤት የምታውቀውን በመጦሪያው በር ስትገባ አታውቀውም።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። እማማ ትርንጎ ከቱቦው ተረፉ፣ ጉንጫቸው ተመለሰ፣ እልል በሉ ብዬ ብቀመጥ። እውነት ነው፣ ተርፈዋል። ግን አስካለ በዚያ ምሽት ባዶውን ሳህን ይዛ ስትነሳ ዓይኗ መስኮቱ ስር ካለው አልጋ ላይ አረፈ።

እማማ ውድነሽም «ጠግቤያለሁ» ይሉ ነበር፣ አለች በልቧ። ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እኛም ሳህኑን እናነሳለን። ጠግበው ነበር? ወይስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ጆሯቸውን ወደ እኛ አድርገው ሁለተኛውን ቃል ይጠብቁ ነበር? እንደሳቸው የማያስቸግር ሰው አላየንም አልን። ርቧቸው ቢሆንስ?

ማን ይንገራት? ሐኪሙ አይነግራትም። እማማ ውድነሽም ከተቀበሩ ቆዩ። ያ ወረቀት ዛሬም በወጥ ቤቱ በር ላይ አለ፤ አልቀደደችውም፣ የዚያን ሽማግሌ ደም አልረሳችማ። ማስገደድ ክፉ ነው። ግን መለመን ሌላ ነው፤ አሁን ሠራተኞቹ ተቀምጠው፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይለምናሉ። አስካለም ትለምናለች። ሆኖም ዛሬም ቁጭ ብላ አትቆይም። ያ አልጋ ያስነሳታል።

ጌታችን ራሱ ከሁለቱ መንገደኞች ጋር ሲጓዝ ውሎ መንደራቸው ሲደርሱ፣ አልፎ የሚሄድ ሰው መሰለ። እነሱስ «እሺ፣ በሰላም ግባ» ብለው ሸኙት? አጥብቀው ለመኑት እንጂ! ቀኑ መሽቷል፣ ከእኛ ጋር እደር አሉት። ገባላቸው። ማንነቱን ያወቁት እዚያ ማዕድ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ጠይቀው ቢተዉት ኖሮ በራቸው ላይ የቆመው ማን እንደነበር ሳያውቁ ይቀሩ ነበር።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ሲስተር አስካለን እያያችሁ አንገታችሁን የነቀነቃችሁ፣ ወደ እናንተ ነው የምመጣው። በየበዓሉ ብርድ ልብስና ዳቦ ጭናችሁ ወደ መጦሪያ ትሄዳላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አንዱ አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ማን ነው? «ምን ጎድሎዎታል?» ትላላችሁ። «ምንም አልጎደለብኝ» ይሏችኋል። ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋላችሁ።

የገዛ ወላጆቻችሁስ? ትደውላላችሁ። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቡ።» «እሺ፣ ቻው!» አለቀ። ስለ እኔ አታስቡ ሲሉን ደስ ይለናል። ለምን? ከማሰብ ያሳርፈናላ! አባታችን ባዶ ቤት ተቀምጦ ይግደረደራል፤ እኛ መልሱን አክብረን ስልኩን እንዘጋለን። ጎረቤት ለቡና ቁርስ ቆሎ ሲያቀርብ እንኳ ሦስት ጊዜ የሚለምን ሕዝብ፣ የወለደውን አባት አንድ ጊዜ ጠይቆ ይዘጋል።

አትረፉ። ይህን ብዬ ነው የመጣሁት፤ ዛሬ ማንም ከዚህ ተረጋግቶ እንዳይወጣ። የአስካለ ጥያቄ መልስ የለውም፣ አልጋው ባዶ ነውና። የእናንተ አልጋ ግን ገና ሰው አለበት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንደወጣችሁ ደውሉ። ደህና ነኝ ይሏችኋል።

ስልኩን አትዝጉት።