ቆሞ የሚንቀጠቀጠው የኃላፊው መኪና

አቶ ጓንጉል የሚባሉ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ቢሯቸው ውስጥ ጩኸታቸው ቀኑን ሙሉ ይሰማል፤ ጨርሰው ያስረከቡትን ሥራ ግን ያየ ሰው የለም። መኪናቸው ታዲያ ታመመባቸው። ሲሄድ ደህና ነው፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆም ግን ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ሾፌራቸውን ጋሽ ዘርጋውን አስከትለው ጋራዥ መጡና ለመካኒኳ ወረቀት ዘረጉላት።

«ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ብለሽ ፈርሚ። ዛሬውኑ አባርረዋለሁ» አሏት።

መካኒኳ ወረቀቱን ትታ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን የሞተሩን ካንዴላዎች ፈታች። አራቱም ጥቀርሻ ለብሰዋል።

«ጋሽ ዘርጋው፣ መኪናውን ሲያቆሙ ሞተሩን አያጠፉትም እንዴ?»

«እንዴት አድርጌ? እሳቸው በወጡ ሰዓት ሞተሩ ተነስቶ እንዲጠብቃቸው ታዝዣለሁ። ከጠዋት እስከ ምሳ በር ላይ ሲጮኽ ነው የሚውለው።»

«እሱን ማን ጠየቀሽ?» አሉ ኃላፊው። «ትፈርሚያለሽ ወይስ የመሥሪያ ቤቱን መኪኖች በሙሉ ከዚህ ላስወጣ?»

መካኒኳ እጇን በጨርቅ ጠርጋ እስክሪብቶውን ተቀበለች።

«እፈርማለሁ፤ ግን የምጽፈው ያየሁትን ነው። ይህ መኪና ሥራ ሳይሠራ ቆሞ ሲጮኽ እየዋለ ጥቀርሻ ያዘው። የሚሻለው ወይ ሥራ ሲሰጡት ወይ ሲያጠፉት ነው። ጋሽ ዘርጋውን ቢያባርሯቸው ግን አይድንም» አለችና ቀና ብላ አየቻቸው። «ይህን ጠባይ የተማረው ከኋላ ከሚቀመጡት ነው።»