ሁለት ጊዜ የተጠመደው በሬ

አንድ ባለጸጋ ገበሬ ነበረ። ተቀመጥ፣ ይትባረክ! «ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው ወይስ የእኔ?» ብለህ እኔን የንስሐ አባትህን ጠይቀኸኝ የለ? እንግዲያው መልሱን ሳትሰማ እንዳትነሣ።

በዚያ አገር ባለ አንድ በሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጃል፤ በየተራ ያርሳሉ። ባለጸጋውም ከበሬዎቹ አንዱ ጥማድ አጥቶበት ነበርና አቀናጁ እርሱ ሆነ። የላይ ሰፈርን በሬዎች በአንድ ረድፍ፣ የታች ሰፈርን በሌላ ረድፍ አቆመ። ፊተኛውን ከፊተኛው፣ ተከታዩን ከተከታዩ እያለ አጣመረ። በመጨረሻ የገዛ በሬው ብቻውን ቀረ፤ የታች ሰፈር ረድፍ አልቋል። እዚህ ላይ «ጎደለ» ማለት ነበረበት። አላለም። ዞሮ ወደ ረድፉ መጀመሪያ ሄደና ጓደኛ ያገኘውን የአንዲት መበለት በሬ ለራሱም አጣመረው።

ያ በሬ ጠዋት ከአንዱ፣ ከሰዓት ከሌላው ጋር ሲያርስ ከርሞ ትልም ላይ ወደቀ። አልተነሣም።

መበለቲቱ እየጮኸች መጣች። ባለጸጋው ሳቀባት፦

«ምን ያስጮኽሻል፣ አንቺ ሴትዮ? ጥማድ ያጣ በሬ አለ? ሁሉም ሞልቷል!»

እርሷም ቀንበሩን ከሞተው በሬ አንገት አውልቃ በሰው ሁሉ ፊት ባለጸጋው ጫንቃ ላይ ጣለችው።

«ሞልቷል ካልክማ ግባ! የልጆቼ ዘር ገና በጆንያ ነው። እረስ!»

አንተም ያው ነህ። በምትሠራበት ጤና ጣቢያ የበሽተኞቹን ስም በአንድ ረድፍ፣ መድኃኒታቸውን በሌላ ረድፍ አድርገህ፣ አንድ በአንድ አጣምሮ ሰንጠረዥ እንዲያወጣ ኮምፒውተሩን በኮድ አዘዝኸው። የመድኃኒቱ ረድፍ በአንድ አጠረ። ማሽኑም ዝም ብሎ ወደ መጀመሪያው ዞረ፤ የፊተኛውን ሰው መድኃኒት ለመጨረሻዋ እናት ሰጣት። ነርሷ ባትደርስላት ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበርን! አንተ ደግሞ «ሰንጠረዡ ባዶ ቦታ የለውም፣ ማሽኑም አልጮኸም» ትለኛለህ። ነፍስ የሌለው ነገር ምን ብሎ ይጩኽ? ባዶ ቢሆንማ ኖሮ ሰው ያየው ነበር። ረድፎቹ እኩል መሆናቸውን ሳታይ ያጣመርህ አንተ ነህ።

ጎደሎን ጎደሎ ማለት ነውር የለውም። በሌላው ድርሻ ሸፍኖ «ሞላ» ማለት ግን ኀጢአት ነው፣ ልጄ። ተነሥ፤ መጀመሪያ የዚያች በሽተኛ እናት ቤት ሄደህ እግሯ ላይ ውደቅ። ከዚያ ተመለስና ረድፎቹ ካልተካከሉ ማሽኑ እንቢ እንዲል አድርገህ ጻፈው።

እጸልይልሃለሁ። ዛሬ ግን አስቀድሜ የምጸልየው ለእርሷ ነው።