ሰማያዊዋ ቁልፍ

አንድ ሰው ነበር። ስሙ ይቅርባችሁ፤ ብነግራችሁ «እኔ አይደለሁም» ብላችሁ ትገላገላላችሁ። ከሚስቱና ከስድስት ዓመት ልጁ ከኤልዳና ጋር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል።

ከቤት ሲወጡ እሱ ሁልጊዜ ይቸኩላል፤ ልጅቷ ሁልጊዜ ትቆማለች። ጉንዳን አየች፣ ቆመች። የተሰነጠቀ ግድግዳ አየች፣ ቆመች። «ነይ እንጂ! ምን ይገትርሻል?» እያለ ይጎትታታል። እናንተስ አትጎትቱም? ትጎትታላችሁ!

አንድ ቅዳሜ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋና ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ሰውየው ልጁን ይዞ ገባ፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ፣ ተቀመጠ፣ ንፍሮውን ዘገነ። ከዚያ ጎኑ ወዳለው ሰው ጠጋ ብሎ፣ «ለመሆኑ ሟች ማን ናቸው?»

አትሳቁ! እናንተም ጠይቃችኋል።

«ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው፤ ሁለተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት» አለው። ሰውየው አሰበ፣ አሰበ። መልካቸው አልመጣለትም።

ሟቿ ልጅ የላቸውም። ሐዘን ላይ የተቀመጠችው ከደብረ ሲና የመጣች የወንድማቸው ልጅ ብቻ ናት። እሷም ተነሥታ፣ «እኔ ሩቅ ነኝ፤ ሦስት ዓመት አላየኋቸውም። እባካችሁ፣ አክስቴ እንዴት ነበሩ? የሚያውቃቸው ሰው የሆነ ነገር ይንገረኝ» አለች።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ያ ሁሉ ሰው ንፍሮው ላይ አቀረቀረ! አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «ጨዋ ነበሩ» አለ። ጨዋ! የማናውቀው ሰው ሁሉ ጨዋ ነው እኮ።

ያኔ ኤልዳና ከአባቷ ጭን ላይ ሆና፣ «ግራ እግራቸውን ያማቸዋል» አለች። «ደረጃ ሲወጡ ቁጭ ብለው ያርፋሉ። ሹራባቸው አንዱ ቁልፍ ሰማያዊ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቡኒ። ሰው ሲመጣ ሰላም ሊሉ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ዝም ብሎ ሲያልፍ ይዘጉታል። አባቢ፣ አንተም ብዙ ጊዜ አልፈሃቸዋል።»

ሐዘንተኛዋ መጥታ ልጅቷን አቀፈች። «ሰማያዊዋን ቁልፍ እኔ ነኝ የሰፋሁላቸው» አለችና አለቀሰች።

አባትየውስ? አራት ዓመት በዚያ ደረጃ ወጥቷል፣ ወርዷል። እንዳይረግጣቸው ጥግ ይዞ ያልፍ ነበር፤ ዓይኑማ ደህና ነው። ወይ ጉድ! ለሞታቸው መቶ ወንበር ተደረደረ፤ በሕይወት ሳሉ ግን ደረጃው ላይ አብሯቸው የተቀመጠ አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ልጅ ሳለን የሚጠቅመንን ከማይጠቅመን ስለማንለይ ሁሉ ነገር ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ስናድግ መምረጥ እንማራለን፤ የታክሲ ሰልፍ፣ የመኪና መብራት፣ ሰዓት። ደግ ነው፤ ካልመረጥን አስፋልት አንሻገርም። ግን ስንመርጥ ሰውን ጣሉ ያለን ማን ነው? ማን ነው?

ልቆጣችሁ አልመጣሁም። ውሸቴን ነው፣ ትንሽ ልቆጣ ነው። ዛሬ ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሴት ናት ወንድ? ምን ለብሷል? እስኪ የምታውቁ እጃችሁን አንሡ።

አያችሁ? እጅ ያነሡት ልጆቹ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ስትወጡ ልጆቹን አስቀድሙ። የሚቆሙበት ቦታ አብራችኋቸው ቁሙ። ዛሬ እንኳ አትጎትቷቸው።